ያልተናበበ ዐረፍተ ነገር ጥፋቱ የጸሐፊው ነው

የተናጋሪን ጉድለት በስም ለመጥራት አማርኛ ቃል አያጥረውም። ፊደል የሚያሳስተው ኮልታፋ፣ ቃል የሚይዘው ተብታባ፣ ወሬው ማቆሚያ የሌለው ለፍላፊ፣ ፍሬ የለሽ ነገር የሚያወራው ቀባጣሪ ይባላል። የሚንተባተበው ዐረፍተ ነገሩ ራሱ ሲሆን ግን ስም ያጥረናል። እያንዳንዳቸው ለብቻቸው ደኅና የሆኑ ቃላት ጎን ለጎን ሲቀመጡ ምላስ ይይዛሉ፣ ትንፋሽ ያሳጥራሉ፣ ጆሮ ይጎረብጣሉ። በማስታወቂያ ሰሌዳ፣ በመሥሪያ ቤት ደብዳቤ፣ በዜና፣ በመማሪያ መጽሐፍ በየቀኑ እናገኛቸዋለን። «ለዛ የለውም» ወይም «ደስ አይልም» ብለን እናልፋለን። እነዚህ ስሜታችንን ይገልጻሉ፤ ጥፋቱ የት ላይ እንዳለና የማን እንደሆነ ግን አይናገሩም። ስም ያልወጣለት ጥፋት ደግሞ ባለቤት አይኖረውም፤ ባለቤት ሲያጣ ዕዳው በአንባቢው ላይ ይወድቃል። ክፍል ውስጥ ድምፁን ከፍ አድርጎ ሲያነብ የተደናቀፈው ተማሪ «ማንበብ አይችልም» ይባላል። ማስታወቂያው ያልገባው ገበሬ «ግንዛቤ ይጎድለዋል» ይባላል። ጽሑፉን ያዘጋጀው ሰው ግን አይጠየቅም። ይህ መገልበጥ አለበት። ለዚህ ጥፋት የሚሆን ስም በአገራችን ትምህርት ውስጥ አለ፤ ስሙን አውጥተን ብንሠራበት ኃላፊነቱ ወደ ጸሐፊው ይመለሳል።

ስሙን ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያሻም። በምሥራቅ ጎጃም፣ በቢቸናና በሞጣ መካከል ባለው አገር፣ የጎንቻ ሲሶ እነሴ ወረዳ ዋና ከተማ ጉንደ ወይን ትባላለች፤ ግንደ ወይን ብለው የሚጽፏትም አሉ። ስሟ እንደ ተጻፈው ሲነበብ የወይን ግንድ ማለት ነው። በግእዝ ግንድ «ጉንድ» ነው፤ «ወይን» ሲከተለው የመጨረሻዋ ፊደል ከሳድስ ወደ ግእዝ ትለወጥና «ጉንደ» ይሆናል። በዚያች ትንሽ ለውጥ ሁለቱ ቃላት አንድ ትንፋሽ ይሆናሉ። የአካባቢው ካርታ በእንዲህ ዓይነት ስሞች የተሞላ ነው፦ ደብር «ደብረ» ሆኖ ደብረ ወርቅ፣ መርጡል «መርጡለ» ሆኖ መርጡለ ማርያም። በሣልስ የሚያልቀው ቃል ደግሞ ወደ ኃምስ ይሄዳል፤ «ጸሐፊ» ከትእዛዝ ጋር ሲገጥም «ጸሐፌ ትእዛዝ» እንደሚባለው። በሌሎቹ ድምፆች የሚያልቁት ባሉበት ይጸናሉ፤ «ዜና መዋዕል» እንደሚባለው። የግእዝ መምህራን ይህን ግንኙነት መናበብ፣ ቃላቱንም ተናባቢ ይሏቸዋል። ስያሜው የሚገርም ነው፤ ሁለቱ ቃላት አብረው ይነበባሉ፣ አንዱ ለሌላው ይነበብለታል ማለት ነው። ዛሬ በተራ ንግግራችንም ሁለት ሰዎች ሥራቸው ሳይገጥም ሲቀር «አልተናበቡም» እንላለን። እንግዲህ ጎን ለጎን ተቀምጠው የማይገጥሙ ቃላት ስማቸው ያልተናበቡ ነው። ይህ ስም ጥፋቱን በሰው አፍ ወይም በሰው ጆሮ ላይ አያደርገውም፤ በቃላቱ መጋጠሚያ ላይ ያደርገዋል። መጋጠሚያውን የሠራው ደግሞ ጸሐፊው ነው።

በዚህ አገር የተስፋፋው የአብነት ትምህርት መናበብን እንደ ደንብ ከማስተማር አልፎ በአፍና በጆሮ ያሠለጥነዋል። ሕፃኑ ፊደል ከለየ በኋላ በግእዝ ንባብ ፊደል በፊደል እየቆጠረ ያነባል፤ ቀጥሎ በውርድ ንባብ፣ ከዚያ በቁም ንባብ ያልፋል። በነዚህ ደረጃዎች ተነሽ፣ ወዳቂ፣ ሰያፍና ተጣይ የሚባሉትን የንባብ ዓይነቶች ይለያል፤ ድምፁን የት አንሥቶ የት እንደሚጥል በጆሮው ያውቃል። ፊደሉን አውቆ ንባቡን የሳተ ተማሪ አነበበ አይባልም። ቅኔ ቤት ሲገባ ደግሞ ፈተናው ይከብዳል። ተማሪው ቅኔውን የሚቆጥረው በልቡ ነው፤ ጽፎ እየሰረዘ አይደለም። ሁለት ቤት ያለው ጉባኤ ቃና፣ ሦስት ቤት ያለው ዘአምላኪየ፣ ስምንት ቤት ያለው መወድስ እያንዳንዱ የራሱ ልክና የራሱ ዜማ አለው። የቆጠረውን በመምህሩ ፊት በቃሉ ይናገራል፤ መምህሩም በጆሮው መዝኖ ያርመዋል። ቃሉ ምሥጢሩን ቢይዝም ዜማውን ከሰበረ አይገባም። በዜማው ገብቶ ምሥጢር ባይኖረውም ያው ነው። ዋሸራና ጎንጅ፣ ቢቸና አጠገብ ያለችው ዲማ ጊዮርጊስ ስማቸው የሚነሣው እንዲህ ባለው ሥልጠና ነው። እዚያ የቃል ምርጫ ከውበት ፍላጎት በፊት የመግባትና ያለመግባት ጉዳይ ነው። በዚህ ምክንያት ጆሮን የዳኝነት ወንበር ላይ ያስቀመጠ ተቋም ለኢትዮጵያውያን እንግዳ አይደለም፤ ዘመናዊው መሥሪያ ቤት ነው ከሱ የራቀው።

ጆሮ ዳኛ መሆኑን የሚመሰክረው የአብነት ትምህርት ብቻ አይደለም፤ የአማርኛ ሰዋስው ራሱ ይመሰክራል። አማርኛ ድምፆች ሲጋጩ ዝም ብሎ አያይም፤ አንዱን ያስለቅቃል ወይም ሁለቱን ያዋሕዳል። «ውሰድ» የተባለው ትእዛዝ ለሴት ሲሆን «ውሰዲ» ሳይሆን «ውሰጂ» ይሆናል፤ «ክፈት» ደግሞ «ክፈቺ»። «ስለ» እና «አልሆነ» ሲገናኙ «ስላልሆነ» ይሆናሉ። ከሁሉ የሚያስደንቀው «የ» የሚሠራው ሥራ ነው። «የወንድሜ ልጅ» እንላለን፤ «ስለ» ሲጨመርበት ግን «ስለ የወንድሜ ልጅ» የሚል አማርኛ ተናጋሪ የለም፤ «ስለ ወንድሜ ልጅ» ይላል። «የመጣ እንግዳ» ከ«ለ» ጋር ሲሆን «ለመጣ እንግዳ» ነው። ሁለት መስተዋድዶች በአንድ ደጃፍ ሲጋፉ ቋንቋው አንዷን ያሳልፋታል። ማንም አዋጅ ያላወጀለት ይህ ሕግ በእረኛውም በሊቁም አፍ አንድ ነው። ምሳሌያዊ አነጋገሮቻችንም ያንኑ ይናገራሉ። «ነገር በምሳሌ፣ ጠጅ በብርሌ» ሲባል ማሰሪያ አንቀጹ ተጥሏል፤ «ካፍ ከወጣ አፋፍ» ሲባል «ከአፍ» ወደ «ካፍ» ተሰብስቧል። ተረትና ምሳሌ ወረቀት ሳይደግፈው ከአፍ ወደ አፍ የሚሻገር ሀብት ነውና ምላስ የጎረበጠው ሁሉ በመንገድ ቀርቷል። እስከ ዛሬ የደረሱት የተናበቡት ናቸው።

አሁን ወደ መሥሪያ ቤት አማርኛ እንምጣ። የሚከተለው ዐረፍተ ነገር የየትኛውም መሥሪያ ቤት አይደለም፤ ለዚህ ጽሑፍ የተዘጋጀ ነው፤ ወንድሞቹን ግን አንባቢ በየቀኑ ያገኛቸዋል። «በወረዳችን የሚገኙ አርሶ አደሮችን የማዳበሪያ አቅርቦትን በተመለከተ የግንዛቤ ማስጨበጫ ሥራዎችን ተግባራዊ ከማድረግ አንጻር የተሻለ አፈጻጸም እየተመዘገበ የሚገኝ ሲሆን ቀሪ ሥራዎችንም አጠናክሮ ከማስቀጠል አኳያ ርብርብ እየተደረገ ይገኛል።» ድምፅ አውጥቶ ያነበበው ሰው የት እንደሚተነፍስ ይቸግረዋል። ምክንያቱን እንፈልግ። «አርሶ አደሮችን»፣ «አቅርቦትን»፣ «ሥራዎችን» ተከታትለው መጥተዋል፤ ሦስቱም «ን» ይዘዋል። ሁለተኛውን «በተመለከተ»፣ ሦስተኛውን «ማድረግ» ይዘውታል፤ የመጀመሪያውን ግን የሚይዘው ግሥ የለም። አርሶ አደሮቹ በዐረፍተ ነገሩ ውስጥ ሜዳ ላይ ቀርተዋል። «ከማድረግ አንጻር» እና «ከማስቀጠል አኳያ» ቦታ ሞልተዋል፤ ቢወጡ የሚጎድል ነገር የለም። «የሚገኝ» እና «ይገኛል» የተገኘ ነገር ሳይኖር ሁለቴ ተገኝተዋል። «እየተመዘገበ»፣ «እየተደረገ» ተብሏል፤ ማን እንደሚመዘግብና ማን እንደሚያደርግ አይታወቅም። ይህን ዐረፍተ ነገር ካልተናበቡት ቃላቱ አጥርተን ስንጽፈው እንዲህ ይሆናል፦ «ለወረዳችን ገበሬዎች ስለ ማዳበሪያ አቅርቦት ነግረናል፤ ላልሰሙትም እንነግራለን።» እዚህ ላይ ትልቁ ነገር ይታያል። ማዳበሪያው ስንት ኩንታል እንደ ገባ፣ መቼና የት እንደሚታደል አንድም ቃል አልነበረም። የጎንቻ ጤፍ ዘሪ ሊያውቅ የሚፈልገው ግን ይህንኑ ነበር። የቃላቱ ግጭት ባዶነቱን ሸፍኖት ቆይቷል።

ሌላው የግጭት ምንጭ ስምና ግሥ ሳይተዋወቁ መጋባታቸው ነው። «ሚና ተጫወተ»፣ «ፈተና ወሰደ»፣ «ትምህርት ወሰደ»፣ «ውሳኔ ወሰደ» የሚሉት በውጭ ቋንቋ አጥንት ላይ የአማርኛ ቆዳ የለበሱ ናቸው። አማርኛ «ወሰነ» ካለ ውሳኔውን ማንም አይወስድበትም፤ «ተፈተነ»፣ «ተማረ» ካለም እንዲሁ። የጎደለው የቋንቋው አቅም ነው እንዳይባል፣ ከኛ በፊት የነበሩት ሰዎች አዲስ ነገር ሲገጥማቸው ምን እንዳደረጉ እንይ። መኪና ሲመጣ በሬና አህያ የሚነዱበትን ግሥ አምጥተው «መኪና ነዳ» አሉ። ስልክ ሲመጣ ከቤተ ክርስቲያን ደወል የወጣውን ግሥ ሰጥተው «ስልክ ደወለ» አሉ። ካሜራ ሲመጣ «ፎቶ አነሣ»፣ «ፎቶ ተነሣ» አሉ። መኪናም፣ ፎቶም የተዋስናቸው ስሞች ናቸው፤ ግሦቹ ግን ከቤት የወጡ ናቸው። ስለዚህ ግጭትን ለማስወገድ የባዕድ ቃል ማባረር አያስፈልግም፤ ባዕዱን ስም የሚያስተናግደው ግሥ የአገር ልጅ ከሆነ ይበቃል። ይህን የሠሩት ተራ ተናጋሪዎች እንጂ የቋንቋ ሊቃውንት አልነበሩም። የሠሩት በጆሯቸው ነው። ዛሬ ከነሱ የበለጠ የተማረው ጸሐፊ ያነሰ የሚናበብ አማርኛ የሚጽፈው ዕውቀት አንሶት አይደለም፤ የሚጽፈውን ድምፅ አውጥቶ ስለማያነብ ነው።

ጉዳዩ ከለዛ አልፎ መብት የሚነካው ሕግ ላይ ሲደርስ ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ረቂቅ በፈረንሳዊው የሕግ ሊቅ በረኔ ዳቪድ በፈረንሳይኛ ተዘጋጅቶ ወደ አማርኛ የተተረጎመ ነው። የ1949ኙን የወንጀለኛ መቅጫ ሕግም የስዊሱ ዣን ግራቨን በፈረንሳይኛ አርቅቀውታል። ተርጓሚዎቹ ከባድ ሥራ ሠርተዋል፤ ብዙ የሕግ ቃላት ያገኘነው ከነሱ ነው። ሆኖም የአማርኛው ዐረፍተ ነገር በሚጎረብጥባቸው ቦታዎች የሕግ ባለሙያዎች ሐሳቡን ለማግኘት ወደ እንግሊዝኛው ወይም ወደ ፈረንሳይኛው መመለስን ለምደዋል። ሁለቱን ቋንቋዎች የማያውቅ ባለጉዳይ ግን የሚመለስበት የለውም። ስለ ርስቱና ስለ ውርሱ የተጻፈው ሕግ በገዛ ቋንቋው ተጽፎ ሳለ በሌላ ቋንቋ ቁልፍ ይከፈታል ማለት ነው። በ1987 የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 106 የአማርኛው ቅጂ የመጨረሻው ሕጋዊ እውቅና እንዳለው ይደነግጋል። ድንጋጌው ለአማርኛ ክብር ሰጥቷል፤ ከክብሩ ጋር ዕዳም አሸክሞታል። የመጨረሻው ቃል የአማርኛው ከሆነ የአማርኛው ቃል ከጎረቤቱ ጋር የተናበበ መሆን አለበት። ባለቤቱ ከግሡ ርቆ የጠፋበት፣ «የ» በ«የ» ላይ የተደረበበት አንቀጽ ሁለት ጠበቆች ሁለት ትርጉም እንዲያወጡበት በር ይከፍታል። የበሩ ዋጋ በፍርድ ቤት ደጅ በሚንከራተተው ሰው ይከፈላል።

«ዐይን ያየውን ያርማል፤ ጮክ ብሎ ማንበብ ለምን ያስፈልጋል?» ለሚል መልሱ በፊደላችን ውስጥ አለ። የግእዝ ፊደል የሚጠብቀውንና የሚላላውን ድምፅ ለይቶ አያሳይም። «ገና» ላልቶ ሲነበብ ያልደረሰ ጊዜን፣ ጠብቆ ሲነበብ የልደትን በዓል ያመለክታል። «ዋና» ላልቶ የውኃ ላይ ጨዋታ ነው፣ ጠብቆ ደግሞ አለቃ ወይም ትልቅ ነገር። «የገና በዓል ገና ነው» የሚለውን ዐይን የተደጋገመ አድርጎ ያየዋል፤ ጆሮ ግን ሁለት ልዩ ቃላት ይሰማል። በተቃራኒው ወረቀት ላይ የማይመሳሰሉ ቃላት አፍ ውስጥ ይጋጫሉ። ስለዚህ በአማርኛ ዐይን ብቻውን ሙሉ ዳኛ አይሆንም። ይህን ክፍተት በሚገባ የተረዱት በደብረ ኤልያስ፣ በደብረ ወርቅና በዲማ የአብነት ትምህርት የቀሰሙት ሐዲስ ዓለማየሁ ናቸው። በ1958 ባሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» በሚጠብቁት ፊደላት ላይ ነጥብ አድርገዋል። ልማዱ ሳይስፋፋ ቀረ፤ ያሳየው ነገር ግን ትልቅ ነው። ደራሲው አንባቢው በጆሮው እንዲሰማ ፈልገው ጽፈዋል። ያ መጽሐፍ በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ በሬዲዮ ሲተረክ ፊደል ያልቆጠረው ሁሉ ተከታትሎ የሰማው አንድም በተራኪው ችሎታ ነው፤ አንድም ዐረፍተ ነገሮቹ፣ ረጃጅሞቹም ጭምር፣ ሲነገሩ እንዲገቡ ሆነው የተጻፉ በመሆናቸው ነው። ርዝመት ጥፋት አለመሆኑን ከዚያ እንማራለን። ረጅም ሆኖ የተናበበ አለ፣ አጭር ሆኖ የሚጎረብጥ አለ።

በዚህ ሐሳብ ላይ ከሚነሡት ተቃውሞዎች የመጀመሪያው «ይህ የጥጋብ ነገር ነው» የሚል ነው። አገር ስንት ጭንቀት ባለባት ጊዜ ስለ ቃላት ድምፅ መጨነቅ ምን ይጠቅማል? መልሱ፣ ጭንቀት ባለበት ጊዜ ነው ይልቁንም የሚጠቅመው። ስለ ወረርሽኝ፣ ስለ እርዳታ እህል፣ ስለ ዘር ወቅት፣ ስለ መንገድ መዘጋት የሚወጣ ማስታወቂያ በአንድ ንባብ ካልገባ ሰው ላይ ጉዳት ያደርሳል። በገጠር ቀበሌ ደግሞ ብዙው ማስታወቂያ በዐይን አይነበብም፤ አንዱ አንብቦት ሌላው ይሰማዋል። ለመቶ ሰው ጆሮ የሚደርስ ጽሑፍ ለአንድ ሰው ዐይን ተጽፎ ይወጣል። ሁለተኛው ተቃውሞ «ትክክለኛነት ይበልጣል» የሚል ነው፤ የሕግና የሳይንስ ቃል ቢጎረብጥም ልክ ይሁን። ይህ እውነትነት አለው። ከሁለት አንዱን ግድ ምረጥ የሚያሰኝ ቦታ ሲመጣ ለዛው ይቅር፣ ትክክሉ ይቆይ። ግን ያ ቦታ እንደሚባለው ብዙ አይደለም። ከላይ ያየነው የማዳበሪያ ዐረፍተ ነገር የጎረበጠው ትክክለኛነት በዝቶበት አልነበረም። አብዛኛውን ጊዜ ቃላት የማይናበቡት ሐሳቡ ራሱ ስላልተናበበ ነው፤ ማን ምን እንዳደረገ ጸሐፊው አልወሰነም። ጆሮ የሚሰማው ጉርብጥብጥታ በእንጀራ ውስጥ ጥርስ እንደሚያገኘው ጠጠር ነው፤ ጤፉ ሳይለቀም እንደ ተፈጨ ይናገራል።

ሦስተኛው ተቃውሞ ከቅኔው ወገን ይመጣል። ቅኔ ቤት ራሱ ሰምና ወርቅ እያለ ነገር የሚያከር ቤት አይደለም ወይ? አስቸጋሪን የሚወድ ትምህርት እንዴት የግልጽነት ምስክር ይሆናል? ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱ በአስቸጋሪና በአስቸጋሪ መካከል ባለው ልዩነት ላይ ነው። ባለቅኔው ወርቁን ሲደብቅ ለመደበቅ አስቦ ነው፤ ሰሙ ግን በዜማው ገብቶ፣ በልኩ ቆሞ ይሰማል። አድማጩ የሚደክመው ምሥጢሩን ሲፈልግ ነው፤ ድካሙም ይከፍለዋል። ባልተናበበው ደብዳቤ ግን አድማጩ የሚደክመው መንገዱ ላይ ነው፤ ሲደርስም የሚያገኘው ወርቅ የለም። መደጋገምንም በዚህ ልክ መለየት ይቻላል። «ለቅሶ አለቀሰ»፣ «ሥራ ሠራ»፣ «ስም ሰየመ» ሲባል ስምና ግሡ ቢመሳሰሉም አማርኛ ይወደዋል፤ እዚያ ድምፁ ትርጉሙን ያጠብቀዋል። ስለዚህ የሚቆጠር ሕግ አውጥቶ «አንድ ፊደል ሁለቴ አይግባ» ማለት ስንፍና ነው። ከሌሎች ሕዝቦችም ይህን እናያለን። ሮማዊው ሲሴሮ የቋንቋው ታላቅ ተናጋሪ ሆኖ ሳለ በአንድ ግጥሙ የቃል መጨረሻና የቀጣዩ መጀመሪያ አንድ ዓይነት ድምፅ ስለሰጡ ለዘመናት ሲተች ኖሯል። ፈረንሳዊው ጉስታቭ ፍሎቤር ዐረፍተ ነገሩን ሁሉ ጮኾ እያነበበ ይፈትን ነበር። ሁለቱም የቆሙበት መሠረት የኛ የቅኔ መምህር ከሚቆምበት አይለይም፦ ዳኛው ጆሮ ነው፣ ጆሮም ይሠለጥናል።

አራተኛው ተቃውሞ ከሁሉ የከበደ ነው፤ «የማን ጆሮ?» ይላል። በጎጃም አፍ የሚጥመው ለአዲስ አበባ ልጅ ይከብደው ይሆናል። አንዱ «ሄድህ» ሲል ሌላው «ሄድክ» ይላል። ከዚያም በላይ አማርኛን ሁለተኛ ቋንቋው ያደረገ በሚሊዮን የሚቆጠር ኢትዮጵያዊ አለ። አንዱ አካባቢ ለሁሉ ጆሮ ልሁን ቢል በደል ነው። የምሥራቅ ጎጃምን ትምህርት እዚህ ያነሣሁት ግን አነጋገሩ ለሌላው ደንብ እንዲሆን አይደለም፤ አሠራሩ እንዲወሰድ ነው። «ሄድህ» እና «ሄድክ» የአካባቢ ልዩነት ናቸው፤ ሁለቱም በየቤታቸው የተናበቡ ናቸው። ግሥ ያጣ «አርሶ አደሮችን» ግን በጎጃምም፣ በሸዋም፣ በወሎም፣ በድሬዳዋም አልተናበበም። አማርኛን በትምህርት ቤት የተማረ የሌላ ቋንቋ ተናጋሪ ከዚህ የበለጠ ይጠቀማል። የአፍ መፍቻው የሆነለት ሰው የተሰበረውን ዐረፍተ ነገር በግምት ጠግኖ ያልፋል፤ ሁለተኛ ቋንቋው የሆነበት ግን የሚጠግንበት ልምድ ስለሌለው እዚያው ይቆማል። ለዚያውም የሥራ ማመልከቻው፣ የግብር ደረሰኙ፣ የፍርድ ቤት መጥሪያው በዚሁ አማርኛ የሚመጣለት ሰው ነው። የመናበብ ጥያቄ የሊቃውንት ምርጫ የሚመስለው ከላይ ሲያዩት ነው፤ ከታች ሲያዩት የእኩልነት ጥያቄ ነው።

«ዛሬ የሚጎረብጠው ነገ ይለመዳል፣ ቋንቋ ራሱን ያስተካክላል» የሚሉም አሉ። ልማድ ብዙ ነገር ያለሰልሳል፤ ሁሉን ግን አያለሰልስም። የተለመዱትን አዳዲስ ቃላት ብናይ ብዙዎቹ ከመጀመሪያው ጆሮ የሚያውቀው ቅርጽ የነበራቸው ናቸው። ሕገ መንግሥት፣ ሥርዓተ ትምህርት፣ መዝገበ ቃላት፣ ርእሰ አንቀጽ፣ ርዕዮተ ዓለም ሁሉም እንደ ደብረ ወርቅና እንደ ጉንደ ወይን በመናበብ የተሠሩ ናቸው፤ አዲስ ሐሳብ በአሮጌ ማጠፊያ ተከፈተ። በአብዮቱ ዘመን የገነነው «ወዛደር» ወዝንና አደርን ያዋሐደው «ወታደር» በሚለው የቆየ ድምፅ አምሳል ነው፤ «ላብ አደር» እና «አርሶ አደር»ም በተመሳሳይ ቅርጽ የተሠሩ ናቸው። ተናባቢው ቅርጽ የሚያሳጥረውንም እንይ። «ሕገ መንግሥት» ሁለት ቃል ነው፤ «የ» ብቻ እየደረብን ብንሄድ «የመንግሥት የአስተዳደር የበላይ ሕግ» ዓይነት ሰንሰለት እናወጣ ነበር። እንዲህ ዓይነቱን ሰንሰለት ጊዜ አያለሰልሰውም። ጊዜ ሲያልፍበት ሰዎች ይሸሹታል፤ በምትኩ የእንግሊዝኛውን ቃል ይጠራሉ። ወጣቶች በየንግግራቸው መካከል እንግሊዝኛ ሲጨምሩ እንወቅሳቸዋለን። ከወቀሳው በፊት ግን ያቀረብንላቸው አማርኛ አፍ ላይ የሚገባ ነበር ወይ ብለን ራሳችንን ብንጠይቅ መልካም ነው።

ምን ይደረግ? መፍትሔው አዲስ ተቋም፣ አዲስ በጀት አይፈልግም። አንደኛ፣ ለሕዝብ የሚወጣ ማንኛውም ጽሑፍ ማኅተም ከማረፉ በፊት አንድ ጊዜ ጮክ ተብሎ ይነበብ፤ የሚያነበውም ያልጻፈው ሰው ይሁን። የጻፈው ሰው ያሰበውን ያነባል፤ ያልጻፈው ግን ያለውን ያነባል። አንባቢው በተደናቀፈበት ሁሉ ምልክት ይደረግና ያ ቦታ «አልተናበበም» ተብሎ ለጸሐፊው ይመለስ። ሁለተኛ፣ በዜና ክፍሎች ያሉ አርታኢዎች ፊደል ከማረም ጋር መጋጠሚያ ማረምን ሥራቸው ያድርጉ፤ ባለቤት የሌለውን ግሥ፣ ግሥ የሌለውን «ን»፣ ሥራ የሌለውን «አንጻር» እና «አኳያ» ይልቀሙ። ሦስተኛ፣ በአማርኛ ትምህርት ክፍለ ጊዜ ተማሪው እያነበበ ሲደናቀፍ መምህሩ ቀድሞ ዐረፍተ ነገሩን ይመርምር፤ ጥፋቱ የመጽሐፉ ከሆነ ክፍሉ በጋራ ያቃናው። ልጆች የተሰበረን ዐረፍተ ነገር ማቃናት ሲማሩ ያልተሰበረ መጻፍም ይማራሉ። አራተኛ፣ የክልልና የፌዴራል ሕግ አርቃቂዎች የግእዝና የቅኔ መምህራንን በመጨረሻው ንባብ ላይ ያስቀምጡ። እነዚህ መምህራን በሞጣ፣ በቢቸና፣ በጉንደ ወይን ዙሪያ ባሉ አድባራት አሉ፤ የሕግ ዕውቀት አይጠበቅባቸውም። የሚጠበቅባቸው የለመዱት ሥራ ነው፤ ሰምተው «ይህ ገባ፣ ይህ አልገባም» ማለት። ያልገባውን ደግሞ ማቃናት ያለበት የጻፈው እንጂ ያነበበው አይደለም፤ ደመወዝ የሚከፈለውም ለዚሁ ነው።